ታይሞማና የጉድ ሲንድረም፦ በደረት ውስጥ የሚበቅል ዕባጭ የአዋቂዎችን በሽታ የመከላከል አቅም ሲያዳክም

በአርባዎቹ ወይም በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኝና ቀድሞ ጤነኛ የነበረ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሳንባ ምች ቢይዘው፣ ወይም የሳይነስ ሕመሙ በአንቲባዮቲክ ተሽሎት በወሩ ቢመለስበት፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከብርድ፣ ከሥራ ድካም፣ ከሲጋራ ወይም ከአለርጂ ጋር ይያያዛል። በጥቂት ሰዎች ላይ ግን መነሻው ሌላ ቦታ ነው። ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ ፊት ለፊት በምትገኝ ታይመስ በምትባል ዕጢ ላይ የሚበቅል ዕባጭ ነው።

ይህ ዕባጭ ታይሞማ ይባላል። ከታይሞማ ጋር ተያይዞ በአዋቂዎች ላይ የሚታየው የበሽታ መከላከል አቅም መዳከም ደግሞ በሕክምናው ዓለም የጉድ ሲንድረም የሚል ስም ተሰጥቶታል። ስያሜው የመጣው ሁኔታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከገለጹት አሜሪካዊ ሐኪም ሮበርት ጉድ ነው፤ ከአማርኛው “ጉድ” ጋር ዝምድና የለውም።

ሕመሙ ብርቅ ቢሆንም በዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ በተለይም በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ማወቁ ይጠቅማል። ከምልክቶቹ መካከል አንዳንዶቹ ከሳንባ ነቀርሳና ከኤችአይቪ ጋር ይመሳሰላሉ። ከዚህም በላይ ወደ ኢትዮጵያ ከሚደረግ ጉዞ በፊት የሚሰጠው የቢጫ ወባ ክትባት የታይመስ ሕመም ላለበት ሰው ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል።

ታይመስ ምንድን ነች?

በአማርኛ “ዕጢ” የሚለው ቃል ተፈጥሯዊውን የሰውነት ክፍልም፣ በሕመም የሚመጣውን ዕብጠትም ስለሚገልጽ፣ በዚህ ጽሑፍ “ዕጢ” ስንል ታይመስን ራሷን፣ “ዕባጭ” ስንል ደግሞ በእርሷ ላይ የሚበቅለውን ነቀርሳ ማለታችን ነው።

ታይመስ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ማሠልጠኛ ናት ማለት ይቻላል። በመቅኔ ውስጥ የተፈጠሩ ለጋ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ እርሷ ይገባሉ። በዚያም የራስን አካል ከባዕድ መለየት ይማራሉ። የራስን አካል የሚያጠቁት ተለይተው ይወገዳሉ፤ ብቁ የሆኑት ወደ ደም ይሠማራሉ። እነዚህ ሕዋሳት ቲ ሴል የሚባሉት “ታይመስ” ከሚለው ስም የመጀመሪያ ፊደል ተነሥቶ ነው። ሌሎቹ፣ ቢ ሴል የሚባሉት ደግሞ፣ ጀርሞችን የሚይዙትን አንቲቦዲዎች ያመነጫሉ።

ታይመስ በልጅነት ትልቅ ናት። ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸች ትሄዳለች፤ ቦታዋንም ስብ ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት ለረጅም ዘመን በአዋቂ ሰው ላይ ጥቅም የሌላት ተደርጋ ትታይ ነበር። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች እ.አ.አ. በ2023 ያወጡት ጥናት ግን ይህን አመለካከት የሚሞግት ሆኗል። ታይመሳቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን 1,146 አዋቂዎች፣ ተመሳሳይ የደረት ቀዶ ሕክምና አድርገው ታይመሳቸው ካልተነካ ሰዎች ጋር አነጻጽረዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 8.1 በመቶው ሲሞቱ፣ ከሁለተኞቹ የሞቱት 2.8 በመቶ ነበሩ። ይህ ማለት ዕባጭ ያለባት ታይመስ አትውጣ ማለት አይደለም። ዕጢዋ በአዋቂነትም ሥራ እንዳላት ግን ያመለክታል።

ታይሞማ

ታይሞማ ከታይመስ የሽፋን ሕዋሳት የሚነሣ ዕባጭ ነው። በአብዛኛው በዝግታ ያድጋል። በዩናይትድ ስቴትስ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች መካከል በአንድ ወይም በሁለት ሰዎች ላይ ብቻ ይገኛል። የአገሪቱ የካንሰር ምዝገባ መረጃ እንደሚያሳየው ከነጮች ይልቅ በጥቁሮችና በእስያ ተወላጆች ላይ በመጠኑ ይበዛል። ከሲጋራም ሆነ ከአመጋገብ ጋር ግልጽ ግንኙነት አልተገኘለትም።

ብዙዎቹ ሕሙማን ዕባጩ እንዳለባቸው የሚያውቁት ለሌላ ጉዳይ በተነሡት ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ነው። በሌሎቹ ላይ ደረትን የመጫን ስሜት፣ ሳልና የትንፋሽ እጥረት ሊኖር ይችላል።

ታይሞማን ከሌሎች ዕባጮች የሚለየው የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱን ማመሰቃቀሉ ነው። ማሠልጠኛው ሲታወክ፣ ሳይጣሩ የወጡ ሕዋሳት የራስን አካል ማጥቃት ይጀምራሉ። የታይሞማ ሕሙማን አንድ ሦስተኛ ያህሉ ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለውና ጡንቻን የሚያዝለው ሕመም ይይዛቸዋል። ምልክቶቹም የዓይን ሽፋን መውደቅ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የማኘክና የመዋጥ ችግር እንዲሁም ቀኑ በገፋ ቁጥር የሚብስ ድካም ናቸው። በጥቂቶቹ ላይ ደግሞ መቅኔ ቀይ የደም ሕዋስ ማምረቱን ያቆማል። የጉድ ሲንድረም ከእነዚህ የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ መከላከያው ራስን ከማጥቃት በተጨማሪ የጀርሞችን ጥቃት መመከት ይሳነዋል።

ከዋልተር ሪድ እስከ ሚኒሶታ

የዚህ ሕመም ታሪክ የሚጀምረው ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ ነው። እስከ እ.አ.አ. 2011 ድረስ በዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ በነበረው የዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል፣ ኮሎኔል ኦግደን ብሩተን የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ደጋግሞ በከባድ ኢንፌክሽን የሚታመም የስምንት ዓመት ልጅ ያክሙ ነበር። የልጁ ደም ሲመረመር አንቲቦዲዎችን የያዘው ጋማ ግሎቡሊን የተባለው የፕሮቲን ክፍል እንደሌለው ታወቀ። ብሩተን ከለጋሾች ደም የተዘጋጀውን ጋማ ግሎቡሊን በየወሩ ከቆዳው ሥር ሰጡት፤ ልጁም ተሻለው። ይህን ግኝት እ.አ.አ. በ1952 አሳተሙ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮበርት ጉድ ተመሳሳይ እጥረት በአንድ አዋቂ ሰው ላይ መኖሩን ገለጹ። ሕመምተኛው አብሮት የተወለደ ችግር አልነበረውም፤ በደረቱ ውስጥ ግን ትልቅ የታይመስ ዕባጭ ነበረው። በዚያን ጊዜ ታይመስ ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ አልነበረም። የጉድ ጥያቄም ቀላል ነበር፦ የዕጢዋ መታመምና የአንቲቦዲዎች መጥፋት በአንድ ሰው ላይ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው ወይስ በምክንያት?

የጥያቄው ዋና መልስ የመጣው እ.አ.አ. በ1961 ነው። በለንደን ይሠሩ የነበሩት ዣክ ሚለር ገና እንደተወለዱ ታይመሳቸው የወጣባቸው አይጦች በሽታን መከላከል እንደማይችሉ አሳዩ። ጉድም በራሳቸው ቤተ ሙከራ ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሰዋል። በ1968 ደግሞ የበሽታ መከላከል አቅም ሳይኖረው ለተወለደ ሕፃን ከእኅቱ በተወሰደ መቅኔ የተሳካ ንቅለ ተከላ በማድረግ ስማቸውን በሕክምና ታሪክ አስፍረዋል።

በሰውነት ውስጥ ምን ይከሰታል?

የጉድ ሲንድረም በአብዛኛው የሚታየው ከ40 እስከ 70 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የሕክምና ጽሑፎች እንደሚያመለክቱት ከታይሞማ ሕሙማን መካከል ከ6 እስከ 11 በመቶ በሚሆኑት ላይ የአንቲቦዲ እጥረት ይገኛል።

እጥረቱ በሁለት በኩል ነው። በመጀመሪያ፣ ቢ ሴሎች ከደም ውስጥ ይመናመናሉ ወይም ፈጽሞ ይጠፋሉ፤ በዚህም የተነሣ አይጂጂ፣ አይጂኤና አይጂኤም የተባሉት የአንቲቦዲ ዓይነቶች ይቀንሳሉ። ሁለተኛ፣ የቲ ሴሎች ሚዛን ይዛባል። ሲዲ 4 የተባሉት፣ በኤችአይቪም የሚጠቁት ሕዋሳት በቁጥር ሊያንሱ ይችላሉ። በሜሪላንድ ቤተስዳ የሚገኘው የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች እ.አ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ አንዳንድ የታይመስ ዕባጭ ሕሙማን የራሳቸው መከላከያ ሕዋሳት በሚግባቡባቸው የኬሚካል መልእክቶች ላይ የሚነሡ አንቲቦዲዎች እንዳሏቸው አሳይተዋል። መልእክቱ በመንገድ ላይ ስለሚጠለፍ፣ ሕዋሳቱ ቢኖሩም እንኳ በጊዜው አይደርሱም።

ዕባጩ ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚያስከትል ሳይንስ እስካሁን የመጨረሻ መልስ አልሰጠም።

ምልክቶቹ

በብዛት የሚታዩት የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽኖች ናቸው፦ ተመላላሽ የሳይነስ ሕመም፣ ብሮንካይተስና የሳንባ ምች። ሕክምናው ሲዘገይ የሳንባ የአየር ቧንቧዎች በጠባሳ ይሰፋሉ፤ ከዚያ በኋላ አክታ የበዛበት ሳል የዘወትር ይሆናል። ለወራት የሚቆይ ተቅማጥና የክብደት መቀነስም የተለመዱ ናቸው።

የቲ ሴሎች መዳከም ሲጨመርበት ጤነኛ ሰው በቀላሉ የሚቋቋማቸው ጀርሞች ይበረታሉ። የአፍና የጉሮሮ ፈንገስ፣ ተመላላሽ አልማዝ ባለጭራ፣ እንዲሁም ዓይንን፣ አንጀትንና ሳንባን የሚጎዳው ሳይቶሜጋሎቫይረስ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ።

ለምን ሳይታወቅ ይቆያል?

አንደኛው ምክንያት እያንዳንዱ ኢንፌክሽን ለብቻው መታከሙ ነው። ሕመምተኛው አንድ ጊዜ ኧርጀንት ኬር፣ ሌላ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል፣ ሦስተኛ ጊዜ በእረፍት በሄደበት አገር ሲታከም፣ ሁሉንም ክስተቶች በአንድ መዝገብ ላይ የሚያይ ሐኪም አይኖርም። በሁለት ሥራ መካከል ጊዜ የሚያጣ ወይም ኢንሹራንሱ የሚቀያየርበት ሰው ይበልጥ ለዚህ ይጋለጣል።

ሁለተኛው ምክንያት መመሳሰል ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ሲያስልና ክብደቱ ሲቀንስ ሐኪም በቅድሚያ ሳንባ ነቀርሳን መጠርጠሩ ተገቢ ነው። የአፍ ፈንገስና የሲዲ 4 ቁጥር ማነስ ሲታይ ደግሞ የኤችአይቪ ምርመራ ይታዘዛል። ውጤቱ ነፃ ሲሆን ሕመምተኛው እፎይ ይላል፤ ቤተሰብም ነገሩን ይተወዋል። ጥያቄው ግን አልተመለሰም፦ ኤችአይቪ ካልሆነ መከላከያውን ያዳከመው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ የደም ምርመራዎች የሚፈልጉት ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት በጀርሙ ላይ ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ በማያመርት ሰው ላይ እንዲህ ያለው ምርመራ በሽታው እያለ “የለም” ሊል ይችላል። በቆዳ ላይ የሚደረገው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም በቲ ሴሎች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በተመሳሳይ መንገድ ሊያሳስት ይችላል። በእነዚህ ሰዎች ላይ ሐኪሞች የጀርሙን የዘር ቅንጣት ወይም ጀርሙን ራሱን የሚፈልጉ ምርመራዎችን ያዝዛሉ።

ሦስተኛው ምክንያት ቅደም ተከተሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በአንዳንዶች ላይ ዕባጩ ቀድሞ ይገኛል፤ ኢንፌክሽኑ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ዕባጩ ወጥቶ ሰውየው “ድኛለሁ” ካለ በኋላ ነው። በሌሎች ላይ የአንቲቦዲ እጥረቱ ይቀድማል።

ምርመራው

የመጀመሪያው እርምጃ ውስብስብ አይደለም። በደም ውስጥ ያሉትን የአንቲቦዲ ዓይነቶች መጠን የሚለካ ምርመራ አለ፤ የቤተሰብ ሐኪም ሊያዝዘው ይችላል። ውጤቱ ዝቅተኛ ከሆነ የቢ ሴልና የቲ ሴል ቆጠራ ይከተላል። በመካከለኛ ዕድሜ የአንቲቦዲ እጥረት በተገኘበት ሰው ላይ ደረቱን በሲቲ ስካን ማየት ያስፈልጋል። ተራ ራጅ ትንሽ ዕባጭን ሊስት ይችላልና። በተቃራኒው ደግሞ ታይሞማ የተገኘበት ሰው ምንም ኢንፌክሽን ባይኖረው እንኳ የአንቲቦዲ መጠኑ ሊለካ ይገባል።

ሕክምናው

ታይሞማ በዋናነት የሚታከመው በቀዶ ሕክምና ነው። ዕባጩ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ውጤቱ ብዙ ጊዜ መልካም ነው። ከተሰራጨ የጨረር ሕክምናና ኬሞቴራፒ ይጨመራሉ።

ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ከሁሉ በላይ ሊያውቁት የሚገባው ግን የሚከተለው ነው። በማያስቴኒያ ግራቪስ ሕሙማን ላይ የታይመስ መውጣት ሕመሙን ሊያቀልለው ይችላል። በጉድ ሲንድረም ግን ዕባጩ መውጣቱ የጠፋውን አንቲቦዲ ብዙውን ጊዜ አይመልሰውም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ከተሳካ በኋላም ክትትሉ አይቋረጥም።

የጎደለውን የሚተካው ኢሚውኖግሎቡሊን ነው፤ ብሩተን በ1952 ለዚያ ልጅ ከሰጡት ጋር በመሠረቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው። በሺዎች ከሚቆጠሩ ለጋሾች ፕላዝማ ይዘጋጃል። በደም ሥር ከሆነ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ ከቆዳ ሥር ከሆነ ብዙ ጊዜ በየሳምንቱ ይሰጣል። የኋለኛውን ሕመምተኛው ሥልጠና ወስዶ በቤቱ ሊወስደው ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካትቶታል። መድኃኒቱ የለጋሾችን አንቲቦዲ ስለሚይዝ፣ ከተጀመረ በኋላ የሚደረጉ አንዳንድ የደም ምርመራዎች ሕመምተኛው የሌለበትን በሽታ እንዳለበት አድርገው ሊያሳዩ ይችላሉ። የሄፓታይተስና የመሳሰሉት ምርመራዎች ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት መደረጋቸው ይመረጣል።

የበሽታ መከላከያን በማነቃቃት ካንሰርን የሚያክሙ አዳዲስ መድኃኒቶች በታይመስ ዕባጭ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። በዋሽንግተን የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን መድኃኒት ታይሚክ ካርሲኖማ በተባለው ኃይለኛ የታይመስ ካንሰር በተያዙ 40 ሕሙማን ላይ ሞክረው ውጤቱን እ.አ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ከአምስት ሕሙማን በአንዱ ገደማ ላይ ዕባጩ በጉልህ ቀንሷል። በስድስቱ ላይ ግን መከላከያው የራሳቸውን አካል በብርቱ አጥቅቷል።

የቤተስዳው ብሔራዊ የጤና ተቋምም በታይመስ ዕባጮች ላይ ጥናት ከሚያካሂዱ ማዕከላት አንዱ ነው። በተቋሙ ሆስፒታል በጥናት የሚሳተፉ ሕሙማን ለሕክምናው አይከፍሉም።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚጓዙ፦ የቢጫ ወባ ክትባት

ቢጫ ወባ በኢትዮጵያ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.አ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል የተነሣው ወረርሽኝ ወደ 30,000 ሰዎችን እንደገደለ ይገመታል። በ2018 በወላይታ፣ በ2020 ደግሞ በጉራጌ ዞን እንደገና ታይቷል። ስለዚህ የዩናይትድ ስቴትስ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ወደ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ለሚጓዙ ሰዎች ክትባቱን ይመክራል። ለጤነኛ ሰው ምክሩ ትክክል ነው።

ክትባቱ ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ የያዘ ነው። ጤነኛ መከላከያ ቫይረሱን በቀላሉ ያሸንፈዋል። በተዳከመ መከላከያ ግን የክትባቱ ቫይረስ ራሱ ተራብቶ ጉበትንና ኩላሊትን ሊያጠቃ ይችላል። እ.አ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ እንዲህ ያለ ጉዳት ከደረሰባቸው 23 የተከተቡ ሰዎች መካከል አራቱ የታይመስ ሕመም ታሪክ እንደነበራቸው ተረጋግጧል። ሕመሙ እጅግ ብርቅ መሆኑን ስናስብ ከ23 አራት መገኘቱ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚህም ምክንያት ታይሞማ ወይም ማያስቴኒያ ግራቪስ ያለበት፣ እንዲሁም በእነዚህ ምክንያት ታይመሱ የወጣለት ሰው ክትባቱን እንዳይወስድ መመሪያው ይከለክላል።

ታይመሱ ከአሥር ዓመት በፊት የወጣለት ሰው በጉዞ ክሊኒክ “ሕመም አለብዎ?” ተብሎ ሲጠየቅ “የለብኝም” ሊል ይችላል፤ በእርሱ ዘንድ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ነውና። መልሱ ግን “ታይሞማ ነበረብኝ፤ ወጥቶልኛል” መሆን አለበት። ክትባቱን መውሰድ የማይችል መንገደኛ በዓለም አቀፉ የክትባት ካርድ ላይ የሕክምና ክልከላ መኖሩን ሐኪሙ እንዲሞላለት ማድረግና ራሱን ከትንኝ ንክሻ መጠበቅ ይኖርበታል። በአፍ የሚወሰደው የታይፎይድ ክትባትና የኩፍኝ ክትባትም ሕያው ከሚባሉት ወገን ናቸው። የጉንፋንና የሳንባ ምች መርፌዎች ሕያው ጀርም ስለሌላቸው ይህ አደጋ የለባቸውም፤ አንቲቦዲ በማያመርት ሰው ላይ ግን የሚሰጡት ጥበቃ ሊያንስ ይችላል።

ኢሚውኖግሎቡሊን የሚወስድ መንገደኛ በጉዞው ጊዜ የሚያስፈልገውን መጠንና የማቀዝቀዣ ሁኔታ ከመነሣቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ሊያዘጋጅ ይገባል።

ከሐኪም ጋር ሲነጋገሩ

ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ወደ ሐኪም ሲሄድ ሊይዝ የሚገባው ከሁሉ የበለጠ መረጃ ዝርዝር ነው፦ በየትኛው ወር ምን እንደያዘው፣ የትኛውን አንቲባዮቲክ ስንት ጊዜ እንደወሰደ፣ የት እንደታከመ። የቀድሞ ራጅና ሲቲ ስካን ካለም ማቅረብ ይጠቅማል፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር በደረት መካከል ያለ ለውጥ ሊታይ ይችላል።

ቋንቋ እንቅፋት መሆን የለበትም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ለሕመምተኛው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ በሕግ ተጥሎባቸዋል፤ አማርኛ በስፋት በሚነገርባቸው በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግም ይህንን መጠየቅ መብት ነው። በልጅ ወይም በዘመድ ማስተርጎም ሕመምተኛው ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ተቅማጥ ወይም ስለ ክብደት መቀነስ በግልጽ እንዳይናገር ሊያደርገው ይችላል፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ደግሞ በትክክል እነዚህን ነው።

አብዛኛው ተመላላሽ ሳል ታይሞማ አይደለም። ሆኖም በአርባ ዓመት ዕድሜ ገደማና ከዚያ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት ደጋግሞ የታመመ ሰው፣ እንዲሁም የታይመስ ዕባጭ የተገኘበት ወይም የወጣለት ማንኛውም ሰው፣ ለሐኪሙ ሊያቀርበው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ “የአንቲቦዲ መጠኔ ተለክቶ ያውቃል?”